እንቁላል በየትኛው እግሩ ይሄዳል?

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን መጀመሪያ የሰማሁት ከአያቴ ነው፣ ደሴ። ከአሮጌው አንቀልባ የወለቀውን ዛጎል መልሳ ስትሰፋ መርፌ ይዤ ከጎኗ እቀመጣለሁ። ክሩ ሲወሳሰብብኝ እነጫነጫለሁ። «አንች ምን አጣደፈሽ? ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ትለኛለች።

ትርጉሙን ሁላችንም እናውቀዋለን። ዛሬ የማይሆን የሚመስል ነገር፣ ካልተቋረጠ ቀኑን ጠብቆ ይሆናል ማለት ነው። የመጣውም ከጓሯችን ነው። ዶሮ 21 ቀን ታቅፋ ትቀመጣለች። እንቁላሉ ሲያዩት ያው እንቁላል ነው። ቀኑ ሲደርስ ግን ጫጩቱ ቅርፊቱን ሰብሮ ይወጣል፣ ይቆማል፣ ይሄዳል።

እኔን የሚደንቀኝ ግን በአያቴ እጅ የነበረው ዛጎል ነው። የገዛችው ባቲ ነው፣ የደጋው ሰውና አፋሩ በሚገናኙበት የሰኞ ገበያ። እንቁላልና ዛጎል ዘመዳሞች መሆናቸውን ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። ከአንቀልባው የወደቀ አንድ ስባሪ ዛጎልና የእንቁላል ቅርፊት ሰሃን ላይ አድርጌ ሎሚ ጨመቅኩባቸው። ሁለቱም አረፋ አወጡ። ሁለቱም በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ናቸው። የኖራ ድንጋይም ይኸው ነው።

ዛጎል የባሕር ቀንድ አውጣ ቤት ነው። ቀይ ባሕርም ውስጥ አለ። እንስሳው ለስላሳ ነው፣ አጥንት የለውም። ሰውነቱን የሸፈነው ስስ ሥጋ ካልሲየሙን ከባሕሩ ውሃና ከምግቡ ሰብስቦ፣ በጥቂት ፕሮቲን እያያያዘ፣ ድርብ በድርብ ይገነባዋል። ቤት አይቀይርም፤ ቤቱ በአፉ ጠርዝ እየጨመረ አብሮት ያድጋል። ዛጎል ሲጎለምስ ደግሞ ከንፈሩ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ጥርስ የመሰለ ነገር ያወጣል። ከዚያ በኋላ ይወፍራል እንጂ አይረዝምም። የሚያብረቀርቀውም ያ ስስ ሥጋ ወደ ውጭ ወጥቶ ጀርባውን ስለሚያለብሰው ነው። የአንቀልባ ዛጎል ቆዳው ላይ ልጥፍ እንዲል ጀርባው ይነሳለታል። ገልብጣችሁ ካያችሁት ውስጡ እንደ ቀንድ አውጣ የተጠቀለለ ነው። ያ ጥቅልል ልጅነቱ ነው።

ወደ እንቁላሉ ልመለስ። ዶሮ ቅርፊቱን ሠርታ ለመጨረስ 20 ሰዓት ገደማ ይፈጅባታል። ጫጩቱ ውስጥ ሆኖ ሲያድግ ለአጥንቱ የሚሆነውን ካልሲየም በአብዛኛው የሚወስደው ከዚያው ቅርፊት ነው። ቅርፊቱ ከውስጥ እየሳሳ፣ አጥንቱ እየጠነከረ ይሄዳል። ጫጩቱ የሚቆምበት እግር የእውነትም ከእንቁላሉ ቅርፊት የመጣ ነው።

ይህን ለአያቴ ስነግራት መርፌዋን እንደያዘች ቀና አለች።

«ታዲያ እኔስ ምን አልኩሽ?»