የሚኖአውያን «ቤተ መንግሥት» ምንድን ነው?

የሚኖስን ተረት ብዙ ሰው ሰምቶታል። የቀርጤስ ንጉሥ ነው። ገብተው የማይወጡበት ቤት አሠርቶ፣ ራሱ የኮርማ ገላው የሰው የሆነ ፍጡር ዘጋበት ይባላል። ተረቱ ደስ ይላል። ግን ስለ ጥንታዊቷ ቀርጤስ (ጳውሎስ ቲቶን የተወባት ደሴት ናት) በተነሣ ቁጥር ንጉሥና ዙፋን እንድንፈልግ አድርጎናል። ከመሬት የወጣው ማስረጃ ግን አብዛኛው የሚያወራው ስለ ዘይት፣ ስለ ሱፍ፣ ስለ እህልና ስለ ማኅተም ነው።

ለዚህ ለጥንቱ የቀርጤስ ሥልጣኔ «ሚኖአዊ» የሚለውን ስም ያስለመደው እንግሊዛዊው አርኪዮሎጂስት አርተር ኢቫንስ ነው፤ ከዚያው ከተረቱ ንጉሥ ወስዶ። ቀርጤስ ላይ ያለውን የኖሶስን ፍርስራሽ በሰፊው መቆፈር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1900 ነው። ከእሱ በፊት ግን በ1878 አንድ የአገሬው ነጋዴ፣ ሚኖስ ካሎካይሪኖስ የሚባል፣ እዚያው ቦታ ላይ ቆፍሮ ነበር። መጀመሪያ ያገኘው ምን መሰላችሁ? ጋን። በመጋዘን ውስጥ ተደርድሮ የቆመ ጋን። እኔ ነገሩን ሁሉ ከዚህ መጀመር ይሻላል ባይ ነኝ።

ከ1900 ቅ.ል.ክ. አካባቢ ጀምሮ ኖሶስ፣ ፋይስቶስና ማሊያ ላይ ዛሬ «ቤተ መንግሥት» የሚባሉት ትልልቅ ሕንፃዎች ተሠሩ፤ በምሥራቅ ጫፍ ያለው ዛክሮስ ትንሽ ዘግየት ይላል። በ1700 ቅ.ል.ክ. ገደማ የመጀመሪያዎቹ ፈረሱ፣ ምናልባትም በመሬት መንቀጥቀጥ፣ ሰዎቹ ግን እንደገና አሳምረው ሠሯቸው። አሠራራቸው ይመሳሰላል። መሃል ላይ ሰፊ ግቢ አለ፤ የኖሶሱ 50 ሜትር በ25 ሜትር ገደማ ነው። ክፍሎቹ፣ ደረጃዎቹና መተላለፊያዎቹ በዙሪያው ተያይዘው ይሄዳሉ። በምዕራብ በኩል ደግሞ ከሕንፃው ውጭ ሌላ ሜዳ አለ፣ ሕዝብ የሚሰበሰብበት ይመስላል። ኖሶስና ፋይስቶስ ላይ ሰው ቆሞ ወይም ተቀምጦ የሚያይባቸው የድንጋይ ደረጃዎች ሳይቀሩ ተሠርተዋል።

ወደ ጋኖቹ ልመልሳችሁ። የኖሶስ ምዕራባዊ ክፍል 18 ረጃጅምና ጠባብ መጋዘኖች አሉት። የድግስ ጠላ የሚጠመቅበትን ጋን አስቡና ቁመቱን ሰው አሳክሉት፤ አንዳንዶቹ እንደዚያ ናቸው። ጎናቸው ላይ ገመድ የሚመስል ጌጥ ዞሯቸዋል፣ ለመያዣ የሚሆን ጆሮ ከላይም ከታችም አላቸው፣ ባዶውን እንኳ ለማንቀሳቀስ ብዙ ሰው ይፈልጋሉ። ዘይት፣ ወይን፣ እህል ይቀመጥባቸው ነበር። ከወለሉ ሥር ደግሞ የተቆፈሩ የዕቃ ማስቀመጫ ጉድጓዶች አሉ። ይሄን ሁሉ አንድ ቤተሰብ አይበላውም! ከአካባቢው ገበሬ የሚገባ፣ ተቆጥሮ የሚቀመጥ፣ ከዚያ ለሠራተኛው፣ ለእጅ ባለሙያውና ለበዓሉ የሚወጣ ነው።

የመቁጠሩ ሥራ እንዴት እንደሚሄድ ከጭቃው ይታያል። ከመዳፍ የሚያንስ የጭቃ ሰሌዳ ላይ የዕቃው ምልክት ይጻፋል፣ ከጎኑ ቁጥር። ጽሕፈቱ ሊኒየር ኤ ይባላል። ቋንቋው እስከ ዛሬ አልተፈታም፤ ቁጥሮቹ ግን ይነበባሉ፣ በአሥር በአሥር ነው የሚቆጥሩት። በርም ሆነ ዕቃ ሲዘጋ ደግሞ መዝጊያው ላይ ጭቃ ይለጠፋል፣ ላዩ ላይ ኃላፊው ማኅተሙን ይጫናል፣ ሳያፈርሱት መክፈት የለም። ማኅተሞቹ ራሳቸው የጥፍር ያህል ድንጋይ ላይ ኮርማ፣ መርከብ፣ የምትጸልይ ሴት የተቀረጸባቸው ናቸው። እንዲህ ያለ ጥበብ ለቢሮ ሥራ መዋሉ በጣም ይገርመኛል።

ታዲያ ንጉሡስ? ኖሶስ ላይ የድንጋይ መቀመጫ ያለው ክፍል አለ፣ ኢቫንስ «የዙፋን ክፍል» አለው። ክፍሉ ትንሽ ነው፣ በግድግዳው ዙሪያ አግዳሚ ወንበር አለው፣ ፊት ለፊቱ ወደ ታች የሚወረድበት ገንዳ መሰል ቦታ አለ። የጸሎት ሥርዓት ይፈጸምበት ነበር የሚሉ ብዙ ተመራማሪዎች አሉ፣ መቀመጫው ላይ የምትቀመጠውም ሴት ካህን ሳትሆን አትቀርም ይላሉ። ግብፅ ውስጥ ፈርዖን በየግድግዳው ስሙና መልኩ አለ። ቀርጤስ ላይ ግን «ይሄ ንጉሥ ነው» ተብሎ ያለ ክርክር የሚጠቆም አንድም ሥዕል የለም። «የአበቦቹ ልዑል» የሚባለው ዝነኛ ሥዕል እንኳ ከስብርባሪ የተገጣጠመ ነው፣ ቁርጥራጮቹም የአንድ ሰው ላይሆኑ ይችላሉ።

ሥዕሎቹ ላይ ጎልተው የሚታዩት ሴቶች ናቸው። የፊተኛውን ቦታ ይዘው፣ ፀጉራቸው ተሠርቶ፣ እርስ በርስ እያወሩ። ከዚህ ተነሥቶ «አገሩን የሚገዙት ሴቶች ነበሩ» ማለት ችኮላ ነው፤ በበዓልና በአምልኮ ትልቅ ቦታ እንደነበራቸው ግን አያጠራጥርም። የኮርማው ዝላይ ሥዕልም ኢራክሊዮን ሙዚየም ውስጥ አለ። ኮርማው ይሮጣል፣ አንዱ ቀንዱን ይዟል፣ ሁለተኛው ጀርባው ላይ ተገልብጧል፣ ሦስተኛው ከኋላ እጁን ዘርግቷል።

ቤተ መንግሥቱ ከባሕር ማዶም ይገበያይ ነበር። ዛክሮስ ሳይዘረፍ ስለተገኘ የመዳብ ቁራጭና የዝሆን ጥርስ ወጥቶበታል፣ ሁለቱም ከውጭ የመጡ። ግብፅ ውስጥ ደግሞ ሬክሚሬ የሚባለው የፈርዖኑ ትልቅ ሹም መቃብር አለ፣ በ1450 ቅ.ል.ክ. አካባቢ የተሠራ። እዚያ ግድግዳ ላይ የቀርጤስ ሰዎች ዕቃ ተሸክመው ተሰልፈዋል፤ ከእነሱ በላይ ባለው ረድፍ ደግሞ የፑንት ሰዎች። ፑንትን ብዙ ተመራማሪዎች ወደ እኛ አካባቢ፣ ወደ ቀይ ባሕር ደቡባዊ ዳርቻ ያስጠጓታል። ሁለቱ አገሮች አንድ ግድግዳ ላይ ተገናኝተዋል ማለት ነው።

«ሰላማዊ ሕዝብ» የሚለው ዝናቸው ግን ተጋንኗል። ቤተ መንግሥቶቹ እንደ ኋለኞቹ የግሪክ ምሽጎች በግዙፍ ግንብ አልተከበቡም፣ ልክ ነው። ግን ማሊያ ላይ በጥሩ ሁኔታ የተሠሩ ረጃጅም ሰይፎች ተገኝተዋል።

በ1450 ቅ.ል.ክ. ገደማ አብዛኛዎቹ ቤተ መንግሥቶች ተቃጠሉ። ኖሶስ ብቻ ቀጠለ፣ ከዚያ በኋላ ግን መዝገቡ የተጻፈው በሌላ ጽሕፈት ነው፦ ሊኒየር ቢ። ይሄኛውን ማይክል ቬንትሪስ በ1952 ፈታው፣ ቋንቋውም ግሪክኛ ሆኖ ተገኘ። ሥልጣኑ ግሪክኛ ተናጋሪዎች እጅ ገብቷል ማለት ነው፤ ሰሌዳዎቹ የሚዘረዝሩት ግን ያንኑ ነው፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር በግ፣ ሱፉን፣ እረኛውን።

ቦታውን ለማየት የምታስቡ ካላችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ኖሶስ ላይ የምታዩዋቸው ቀያይ ዓምዶችና ፎቆች ብዙዎቹ ኢቫንስ በአርማታ ያቆማቸው ናቸው፣ ዋናዎቹ ዓምዶች እንጨት ነበሩ። እንዲያ ያለ ግንባታ ያልበዛበትን ለማየት ወደ ፋይስቶስ ሂዱ። ሁለቱም ከማሊያ፣ ከዛክሮስ፣ ከዞሚንቶስና ከኪዶንያ ጋር በ2025 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍረዋል።