ቀርከሃን በጠርሙስ ማባዛት (ቲሹ ካልቸር) ምንድን ነው?

ጅማ ውስጥ ቡና የሚያሰጣ ሰው ቀርከሃን በደንብ ያውቀዋል። ቡናው የሚሰጣበት አልጋ ላይ ብዙ ጊዜ የሚነጠፈው የቀርከሃ ምንጣፍ ነው። ዘሩን በዓይኑ ያየ ሰው ግን እስቲ ፈልጉልኝ።

ቀርከሃ ሳር ነው፣ የጤፍ ዘመድ። ጤፍ በየዓመቱ ሲያፈራ እሱ ግን አሥርት ዓመታት ዝም ብሎ ይከርምና አንዴ ያብባል፣ ዘር ይጥላል፣ ይሞታል፤ ያውም ብዙ ጊዜ ጫካው በጅምላ። ህንድ ሚዞራም ያለው ዝርያ 48 ዓመት ገደማ ይጠብቃል። ሲያብብ ዘሩን የበላው አይጥ ይረባና ወደ ሰው ማሳ ይገባል።

ዘር ከሌለ ምን ይደረጋል? ገበሬው ጉቶውን ከነሥሩ ቆፍሮ ይተክላል። ይሠራል፣ ግን ሸክም ነው፤ ለሺህ ችግኝ አይሆንም። ቲሹ ካልቸር እዚህ ጋ ይመጣል። ከአንጓው ላይ ቡቃያ ይቆረጣል፣ በበረኪና ይታጠባል፣ ስኳር፣ ማዕድናትና ሆርሞን ያለበት ጄሊ መሳይ ምግብ ላይ ጠርሙስ ውስጥ ይቀመጣል። ምግቡ አስቀድሞ በ121 ዲግሪ ይቀቀላል፤ አንዲት ሻጋታ ከገባች አለቀ። አንዱ ቡቃያ ብዙ ይሆናል፣ በየጥቂት ሳምንቱ ይከፋፈላል። አስቸጋሪው ሥር ማስያዙ ነው፣ ቀርከሃ እዚህ ላይ ግትር ነው። ከዚያ ደግሞ ከጠርሙስ የወጣው ችግኝ እንደ አራስ ልጅ ነው፤ ፕላስቲክ ሥር ቀስ በቀስ አየር ካልለመደ ይጠወልጋል። ጅማ ለነገሩ እንግዳ አይደለችም፤ የግብርና ምርምር ማዕከሉ ቡናን በዚሁ መንገድ ለማባዛት ሲሠራ ቆይቷል።

አሁን የሚገርመው። በ1990 እ.ኤ.አ. የህንድ ተመራማሪዎች ቀርከሃን እዚያው ጠርሙስ ውስጥ እንዲያብብና ዘር እንዲሰጥ እንዳደረጉ ኔቸር መጽሔት ላይ አወጡ። ምግቡ ላይ የኮኮናት ውሃና ሆርሞን ጨምረው ነው። አሥርት ዓመታት የሚያስጠብቀው በወራት መጣ። ዝርያ ለሚያዳቅል ሰው ይህ ሰርግና ምላሽ ነው።

ለሚተክል ሰው ግን አበባ መርዶ ነው። ከእናት ተቆርጦ የተባዛ ችግኝ የእናቱን ሰዓት ይዞ ይወጣል። እናቲቱ ልታብብ ሦስት ዓመት ከቀራት እሱም ሦስት ዓመት ነው የቀረው ማለት ይቻላል። ዕድሜዋ በዓይን አይታወቅም፤ የቆመው ግንድ የዘንድሮ ሆኖ ሥሩ የአያቶቻችሁን ዘመን ያየ ሊሆን ይችላል። ችግኝ ስትገዙ እናቲቱ ከየት እንደመጣች ጠይቁ። በቅርቡ ከዘር ከበቀለች፣ ገና ብዙ ዕድሜ አላት።