«ጋዙ አልቆ ነው» እና ሌሎች ስለ አውቶማቲክ ኤሲ የሚነገሩ ስህተቶች

አውቶማቲክ ኤሲ ያለው መኪና ጋራዥ ሲገባ ብዙ ጊዜ ፍርዱን ይዞ ነው የሚገባው። ባለቤቱ ጎረቤት ነግሮት፣ ወይም ቀድሞ ያየለት ባለሙያ ገምቶለት፣ አንድ ዕቃ ገዝቶ በፌስታል አንጠልጥሎ ይመጣል። ዕቃው ይገጠማል፤ ኤሲው እንደነበረው ይሆናል። ከዚያ ሁለተኛ ዕቃ ፍለጋ ይጀመራል።

የዚህ ሁሉ ወጪ ምንጭ አውቶማቲኩን እንደ አሮጌው ኤሲ ማየት ነው። በአሮጌው ሙቁንና ቀዝቃዛውን አየር የሚያመዛዝነው የሹፌሩ እጅ ነበር። በአውቶማቲኩ ሹፌሩ «22 ዲግሪ» ብሎ ያዝዛል፤ የቀረውን የሚወስነው ዳሽቦርድ ውስጥ የተቀመጠ ኮምፒውተር ነው። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ደግሞ ሴንሰሮች የሚነግሩትን ብቻ ነው፦ የካቢኑን ሙቀት፣ የውጭውን ሙቀት፣ የፀሐዩን ብርታት፣ የኢቫፖሬተሩን (ጋዙ አየሩን የሚያቀዘቅዝበትን ክፍል) እና የሞተሩን ውኃ ሙቀት። አንዱ ከዋሸው፣ ጋዙን የሚጨምቀው ኮምፕረሰርም ጋዙም ደኅና ሆነው ሰው በሙቀት ይቀቀላል።

«አይቀዘቅዝም ማለት ጋዙ አልቋል ማለት ነው»

ጋዝ እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ አያልቅም። በተዘጋ መስመር ውስጥ ይዞራል፤ ከቀነሰ የወጣበት ቦታ አለ ማለት ነው፤ ቦታው ሳይገኝ መሙላት ደግሞ ገንዘብን ወደ አየር መልቀቅ ነው። «በየዓመቱ መሞላት አለበት» የሚባለውም መሠረት የለውም።

ኮምፕረሰሩ ጨርሶ የማይነሣ ከሆነ፣ ጋዝ ከመጨመር በፊት ሞተሩ ጠፍቶና ቀዝቅዞ እያለ ግፊቱ ይለካ። አር 134 ኤ በሚባለው ጋዝ የሚሠራ ኤሲ፣ የአካባቢው ሙቀት 25 ዲግሪ ሆኖ 5.6 ባር ገደማ ካሳየ በመስመሩ ውስጥ ፈሳሽ ጋዝ አለ። መጠኑ ልክ መሆኑን ይህ ቁጥር አይናገርም፤ ኮምፕረሰሩ ያልተነሣው በጋዝ ማነስ አለመሆኑን ግን ይናገራል። ፍለጋው ከዚያ በኋላ ወደ ፊውዙ፣ ወደ ሪሌዩ (በኤሌክትሪክ የሚታዘዘው ማብሪያ)፣ ወደ ሴንሰሮቹ ይዞራል።

«ለማንኛውም ትንሽ ጨምርበት» የሚለው ልማድ የራሱን ችግር ይወልዳል። በብዙ ቶዮታዎች የግፊት መቆጣጠሪያው ኮምፕረሰሩን የሚያቋርጠው ግፊቱ ከ2 ባር ገደማ ሲወርድ ብቻ ሳይሆን ከ31 ባር ገደማ ሲያልፍም ነው። ጋዝ የበዛበት መኪና ጠዋት ይሠራል፤ ቀትር ላይ በመንገድ መጨናነቅ ውስጥ ያቋርጣል፤ ባለቤቱም «የኤሌክትሪክ ችግር አለበት» ተብሎ ወደ ሌላ ጋራዥ ይላካል።

ምንም መሣሪያ የማይጠይቅ አንድ ሙከራ አለ። ሙቀቱን እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርጉ፤ ማሳያው ቁጥር ትቶ «ሎው» የሚለው ቦታ ላይ ማለት ነው። በብዙ መኪኖች እዚህ ላይ ኮምፒውተሩ የካቢን ሴንሰሩን ወሬ ወደ ጎን ትቶ ሙቁንና ቀዝቃዛውን የሚያመዛዝነውን የአየር በር በሙሉ ወደ ቀዝቃዛው ይከፍተዋል። «ሎው» ላይ በደንብ የሚቀዘቅዝ፣ 22 ላይ ግን የሚያሞቅ ኤሲ ጋዝም ኮምፕረሰርም አልጎደለውም። ይህን ሳይሞክሩ ጋዝ ማስሞላት ለእኔ ግርምት ነው።

«ኮዱ የጠራው ዕቃ ይቀየር»

ብዙ ቶዮታዎች ያለ ምንም መመርመሪያ ራሳቸውን ይፈትሻሉ። የ«አውቶ» ቁልፉንና አየሩን በካቢኑ ውስጥ የሚያዞረውን ቁልፍ አንድ ላይ ተጭኖ ማስነሻውን መክፈት ነው፤ መብራቶቹ አራት ጊዜ ብልጭ ይሉና ኮድ ይመጣል። 00 ደኅና ነው፤ 11 የካቢን ሙቀት፣ 12 የውጭ ሙቀት፣ 13 የኢቫፖሬተር፣ 21 የፀሐይ ሴንሰር።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ጤነኛ ሴንሰር የሚጣለው። ፍተሻው ጥላ ውስጥ ወይም ጣሪያ ባለው ጋራዥ ከተደረገ 21 ቁጥር ደኅና በሆነ መኪና ላይም ይወጣል፤ ሴንሰሩ ብርሃን አላገኘምና። መፍትሔው መኪናውን ፀሐይ ላይ ማውጣት ወይም ጠንከር ያለ አምፖል አቅርቦ ማብራት ነው።

ሌሎቹም ኮዶች ቢሆኑ የሚናገሩት ስለ መስመሩ ነው። 12 ቁጥር ማለት «ከውጭ ሙቀት ሴንሰር የሚመጣው ምልክት ከሚታመነው ወሰን ወጥቷል» ማለት ነው። ሴንሰሩ ሊሆን ይችላል፤ ሽቦው ሊሆን ይችላል፤ ሶኬቱም ሊሆን ይችላል። ይህ ሴንሰር ብዙውን ጊዜ ከፊት ፓራውልት ጀርባ ነው የሚገኘው፤ ፓራውልቱ ተጋጭቶ ተጠግኖ ሲመለስ ሶኬቱ ሳይሰካ መቅረቱ የተለመደ ነው። ውጤቱ ያልጠበቁትን ሰዎች ያስገርማል። የሙቀት ሴንሰሮቹ ሲቀዘቅዙ ሬዚስታንሳቸው (ኤሌክትሪክን የመግታት አቅማቸው) ይጨምራል፤ ያልተሰካ ሶኬት ደግሞ መጨረሻ የሌለው ሬዚስታንስ ነው። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ውጭው ከበረዶ በታች እንደሆነ ይረዳል፤ በብዙ መኪኖችም በእንዲህ ያለ ብርድ ኮምፕረሰሩ እንዲነሣ አይፈቅድም። ከሳምንት በፊት ፓራውልት ያሠራ ሰው «ኤሲው ለምን ዛሬ ጠፋ?» ሲል ከዚያ አገናኝቶ አያስበውም።

ሴንሰሩን ከሽቦው ለመለየት ሶኬቱን ነቅሎ በሽቦው በኩል ያሉትን ሁለቱን ጫፎች በአጭር ሽቦ ማገናኘት ይበቃል። ሲነቀል እጅግ ብርድ፣ ሲገናኝ እጅግ ሙቀት በመመርመሪያው ላይ ከታየ ሽቦውም ኮምፒውተሩም ደኅና ናቸው፤ ጥፋተኛው ሴንሰሩ ነው። ምንም ካልተለወጠ ሴንሰር መግዛት ዋጋ የለውም። ይህ ሙከራ ባለሁለት ሽቦ ለሆኑ የሙቀት ሴንሰሮች ብቻ ነው፤ በሌላ ሶኬት ላይ አይሞከር። ሴንሰሩን ራሱን በኤሌክትሪክ መለኪያው በመልቲሜትር መለካትም ይቻላል፤ በብዙ ቶዮታዎች የካቢንና የውጭ ሙቀት ሴንሰር በ25 ዲግሪ 1,700 ኦም ገደማ ያሳያል፤ በእጅ ሲጨብጡት ቁጥሩ ሳይዘል ቀስ እያለ መውረድ አለበት።

«ኮምፒውተር ተደርጓል፤ ምንም የለም»

ርካሹ መመርመሪያ በሕግ የተደነገጉትን የሞተርና የጭስ ኮዶች ያነባል። ኤሲው የራሱ ኮምፒውተርና የራሱ ኮዶች አሉት፤ እነሱን የሚያነበው የፋብሪካውን ቋንቋ የሚያውቅ መሣሪያ ወይም ከላይ የተጠቀሰው የቁልፍ ፍተሻ ነው።

«12 ቮልት አለ፤ ስለዚህ መስመሩ ደኅና ነው»

ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚያባክነው እምነት ይህ ይመስለኛል፤ መልቲሜትር የያዘ ሰው ስለሚናገረው ይታመናል። መልቲሜትር ከመስመሩ የሚወስደው ኤሌክትሪክ ከምንም አይቆጠርም። ከብዙ ቀጫጭን ሽቦዎች አንዷ ብቻ የቀረችለት፣ ወይም ሶኬቱ የዛገ መስመር፣ ምንም ሳይሠራ ሲለካ ሙሉ 12 ቮልት ያሳያል። ነፋስ ሰጪው ሞተር 20 አምፔር ሲጠይቀው ግን ይወድቃል።

ስሌቱ አስቸጋሪ አይደለም። ሶኬቱ ላይ 0.1 ኦም ብቻ ሬዚስታንስ ቢኖር፣ 20 አምፔር ሲያልፍ 2 ቮልት እዚያው ይቀራል። 2 ቮልት በ20 አምፔር 40 ዋት ሙቀት ነው። የነፋስ ሰጪው ሶኬት ፕላስቲክ ቀልጦ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው፤ የቀለጠውን ሶኬት ትቶ ሞተሩን ብቻ መቀየር አዲሱንም ለዚያው ዕጣ መስጠት ነው።

ትክክለኛው ልኬት መስመሩ እየሠራ የሚደረገው ነው። ነፋሱን እስከ መጨረሻው ከፍቶ የመልቲሜትሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ፣ ሌላውን ከነፋስ ሰጪው ወደ መኪናው አካል በሚሄደው የኔጋቲቭ ሽቦ ላይ ማድረግ ነው። ከግማሽ ቮልት በላይ ከታየ ያ መንገድ ታሟል። ቀጥሎ በፖዘቲቩ በኩልም እንዲሁ፦ ከባትሪው እስከ ሪሌዩ፣ ከሪሌዩ እስከ ሞተሩ፣ ቁራጭ በቁራጭ። ቮልቱ የጠፋበት ቁራጭ ጥፋቱ ያለበት ነው። ኔጋቲቩን የሚረሳው ሰው ብዛት፣ የሠራሁበትን ሙያ ማማት ባይሆንብኝ፣ አሳዛኝ ነው።

«የኤሲው አየር ፊልተር ስለተደፈነ የነፋስ ሰጪው ሞተር ተጨንቆ ተቃጠለ»

ግማሹ እውነት ነው፤ አቧራ የበዛበት ፊልተር በእርግጥ ዕቃ ያቃጥላል። የሚቃጠለው ግን ሌላ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ክብ ማራገቢያ የአየር መንገዱ ሲዘጋበት የሚገፋው አየር ስለሚያንስ የሚወስደው አምፔር ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። የሚጎዳው ፍጥነቱን የሚቆጣጠረው ሬዚስተር ወይም ትራንዚስተር ነው፤ እሱ የተቀመጠው በነፋሱ መንገድ ላይ፣ በዚያው ነፋስ እንዲቀዘቅዝ ተደርጎ ስለሆነ ነፋሱ ሲጠፋ ይግላል።

ሞተሩ ራሱ ብዙ አምፔር የሚወስደው ኩሽኔታው ሲደርቅና መዞር ሲከብደው ነው። ስለዚህ የተቃጠለ መቆጣጠሪያ ሲገኝ ፊልተሩም የሞተሩ አምፔርም ሳይታዩ አዲስ መግጠም በቅርቡ ያንኑ ዕቃ መልሶ መግዛት ይሆናል። ፊውዙ ሲደጋግም የሚበጠስ ከሆነም ምክንያቱ ይኸው ሊሆን ይችላል። በ30 ቦታ 40 አምፔር ፊውዝ፣ ወይም ከነጭራሹ የሽቦ ቁራጭ የሚያስገቡ ሰዎች ፊውዙ የሚጠብቀው ሽቦውን መሆኑን ዘንግተዋል፤ ቀጣዩ ፊውዝ ሽቦው ራሱ ነው።

«ዳሽቦርድ ማልበስ ምንም አያደርግም»

በእኛ አገር ዳሽቦርዱን ፀጉራም ምንጣፍ ወይም ጨርቅ ማልበስ የተለመደ ነው። ከፊት መስታወቱ ሥር የምትታየው ትንሽ ጥቁር ጉልላት በብዙ መኪኖች የፀሐይ ሴንሰር ናት። ጨርቁ ሲሸፍናት ኮምፒውተሩ ቀኑን ሙሉ ደመና ነው ብሎ ያምናል፤ የሹፌሩን ደረት ፀሐይ እየጠበሰው ነፋሱ ይለሰልሳል። ሴንሰር የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ምንጣፉን ቢያነሣ ይሻለዋል።

የካቢን ሴንሰሩም የራሱ ጣጣ አለው። ከመሪው አጠገብ ካለች ትንሽ ወንፊት ጀርባ ተቀምጦ፣ በቀጭን ቱቦ ወይም በትንሽ ማራገቢያ የካቢኑን አየር እየሳበ ይለካል። ሬዲዮ ወይም አላርም ሲገጠም ቱቦው ወልቆ ከቀረ፣ ሴንሰሩ ከዳሽቦርድ ጀርባ የታፈነውን ሙቅ አየር ለክቶ «ገና ይሞቃል» ይላል። ተሳፋሪው እየተንቀጠቀጠ ኤሲው ማቀዝቀዙን አያቆምም። ኮድም አይወጣም፤ ሴንሰሩ የቀረበለትን አየር በትክክል ለክቷልና። የሶፍት ቁራጭ ወደ ወንፊቷ ሲያስጠጉ ሳብ አድርጋ መያዝ አለባት።

«ጠዋት ነፋሱ ስለማይነሣ ተበላሽቷል»

በኅዳርና በታኅሣሥ የአዲስ አበባ ጠዋት ሙቀት ሲታዘዝ፣ ብዙ አውቶማቲክ ኤሲዎች የሞተሩ ውኃ እስኪሞቅ ሆን ብለው ነፋሱን ያዘገያሉ፤ ቀዝቃዛ አየር እግር ላይ ላለመልቀቅ። ብልሽት አይደለም። መስታወት ማጥሪያው ሲጫን ነፋሱ ወዲያው ከመጣ የነፋስ ሰጪው ሞተርም መቆጣጠሪያውም ደኅና ናቸው።

«ጠቅ ካላለ ኮምፕረሰሩ ሞቷል»

ኮምፕረሰሩ ሲነሣ የሚሰማው «ጠቅ» ኮምፕረሰሩን ከመዘውሩ ጋር የሚያያይዘው የማግኔት ፍሪሲዮን ድምፅ ነው። የፍሪሲዮኑ ጥቅል ሽቦ በብዙ መኪኖች ከ3 እስከ 5 ኦም ይለካል፤ ቁጥር ከሌለው ተበጥሷል። ነገር ግን ብዙ አዳዲስ መኪኖች ፍሪሲዮን የላቸውም። መዘውሩ ሞተሩ እስከሠራ ድረስ ይዞራል፤ የግፊቱን መጠን የሚወስነው በሴኮንድ በመቶዎች ጊዜ የሚበራና የሚጠፋ ምልክት የሚደርሰው ቫልቭ ነው። መልቲሜትር ይህን ምልክት 5 ወይም 6 ቮልት አድርጎ ያሳያል፤ «ኤሌክትሪኩ ደካማ ነው» ተብሎ 12 ቮልት በቀጥታ ሲሰጠው ቫልቩ ሊቃጠል ይችላል።

«የኤሌክትሪክ መኪና ኤሲም ያው ኤሲ ነው»

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ይህ ስህተት ወደ ብዙ ጋራዦች መጥቷል። የነዚህ መኪኖች ኮምፕረሰር የሚዞረው በራሱ ሞተር፣ በመቶዎች በሚቆጠር ቮልት ነው፤ ብርቱካናማ ቀለም ያለው ኬብል ሥልጠና ለሌለው ሰው አይነካም።

ብዙ የማይነገረው የዘይቱ ጉዳይ ነው። የተለመደው የኤሲ ዘይት ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፤ ለኤሌክትሪክ ኮምፕረሰር የሚፈቀደው ግን የማያሳልፍ ሌላ ዓይነት ነው፤ ሞተሩ በዘይቱና በጋዙ ውስጥ ተነክሮ ስለሚዞር። ቀኑን ሙሉ የነዳጅ መኪኖችን ሲሞላ የዋለ ማሽን ቱቦው ውስጥ የቀረው ጥቂት ዘይት እንኳ ሊበቃ ይችላል፦ መኪናው ኤሌክትሪክ እንደሾለከ ቆጥሮ የኢንሱሌሽን (የኤሌክትሪክ መከለያ) ብልሽት ያሳያል፣ አልንቀሳቀስም ሊልም ይችላል። «መስኮት እከፍታለሁ» ማለትም እዚህ አይሠራም፤ በብዙዎቹ ይኸው ጋዝ የመኪናውን ባትሪም ስለሚያቀዘቅዝ፣ ኤሲው ሲታመም ፈጣኑ ቻርጅ አብሮ ይዘገያል። ቱቦው ከመኪናው ጋር ከመገናኘቱ በፊት ማሽኑ ውስጥ ያለው ዘይት የትኛው እንደሆነ ይጠየቅ።