«አምና ይዞኛል፣ አንቲቦዲ አለኝ»፦ የሆድ ቫይረስና የማይለቁን ስህተቶች

ላቦራቶሪ ውስጥ ስሠራ ይህችን አባባል ስንቴ እንደሰማሁ አልቆጥረውም። ሰውየው በትውከትና በተቅማጥ ተዳክሞ ይመጣል። ሰገራው ሲመረመር ኖሮቫይረስ የሚባለው የትውከትና የተቅማጥ ቫይረስ ይገኝበታል። «አይሆንም፤ አምና ይዞኛል፣ አንቲቦዲ አለኝ» ብሎ ይሟገተኛል። ወንድሜ፣ አንቲቦዲውስ (ሰውነት ቫይረስን ለመከላከል የሚያመርተው ፕሮቲን) አለህ። እሱ ብቻውን ግን አያስጥልህም። እህቴም በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለቴ ተይዛ «ምርመራው ተሳስቷል» ብላኛለች። አልተሳሳተም።

ነገሩ ከታወቀ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1968 በአሜሪካ ኦሃዮ፣ ኖርዎክ ከተማ፣ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ብዙ ሰው በትውከት ታመመ። በ1972 ተመራማሪው አልበርት ካፒኪያንና ባልደረቦቹ ይህንኑ ኖሮቫይረስ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አዩት። እንዲታያቸው ያደረገው አንቲቦዲ ነው፦ ያገገመ ሰው ሴረም (አንቲቦዲ ያለበት የደም ፈሳሽ ክፍል) ሲጨመርበት ቫይረሶቹ እየተያያዙ ተሰበሰቡ።

ቆይቶ 12 ፈቃደኞች ቫይረሱን ጠጡ። 6ቱ ታመሙ፣ 6ቱ ደህና ሆኑ። ከ27 እስከ 42 ወር በኋላ በድጋሚ ሲሰጣቸው የታመሙት እነዚያው 6ቱ ናቸው። በደማቸው ያለው አንቲቦዲ ከፍ ያለውም የእነሱ ነበር!

ምክንያቱ ዘግይቶ ተገኘ። ኤፍዩቲ2 የሚባለው ጂን የማይሠራላቸው ሰዎች አንጀት ላይ ቫይረሱ የሚጣበቅበት ስኳር የለም። ብዙዎቹ የኖሮቫይረስ ዝርያዎች አይይዟቸውም። ካልያዛቸው አንቲቦዲው ከየት ይመጣል? አንቲቦዲ በመጀመሪያ የሚነግረን ቫይረሱ ከዚህ ቀደም ገብቶ እንደነበር ነው። የተሻለ ከለላ የሚሰጠው ቫይረሱን ከዚያ ስኳር ጋር እንዳይጣበቅ የሚያግደው ዓይነት ነው። እሱም ቢሆን ዕድሜው አጭር ነው፤ ቫይረሱም የውጭ ፕሮቲኑን እየቀየረ ያመልጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 «ሲድኒ» የተባለው ዝርያ የተስፋፋው እንዲህ ነው።

የምሰማቸው ሌሎች ስህተቶችም አሉ። «የደም አንቲቦዲ ምርመራ አሁን ያመመኝን ያሳያል።» አያሳይም። አንቲቦዲ ለመውጣት ቀናት ይፈጃል፣ የድሮውም ደም ውስጥ ይቆያል። የአሁኑ ቫይረስ የሚፈለገው ሰገራ ውስጥ ነው።

«አንቲባዮቲክ ይጨርሰዋል።» ቫይረስን አይነካም።

«ልጄ የሮታ ክትባት ወስዶ ተቅማጥ ያዘው፣ ክትባቱ አይሠራም።» ይሠራል። ሮታቫይረስ ሕፃናትን በተቅማጥ የሚያሠቃይ ሌላ ቫይረስ ነው፤ የክትባቱ ዋና ሥራ ከከባዱ ሕመም መጠበቅ ነው። ሜክሲኮ ውስጥ ሕፃናትን ከልደት ጀምሮ የተከታተለ ጥናት ነበር። ሁለቴ በሮታቫይረስ የተያዙት ልጆች ከዚያ በኋላ መካከለኛም ሆነ ከባድ የሮታ ተቅማጥ አልያዛቸውም። ክትባቱ ይህንን ከለላ ልጁ ሳይሠቃይ ይሰጠዋል። እባካችሁ ጊዜውን አታሳልፉበት።

«የአልኮል ጄል ይበቃኛል።» ኖሮቫይረስ የስብ ሽፋን ስለሌለው አልኮል እንደሌሎቹ አይጎዳውም። እጃችሁን በውሃና በሳሙና በደንብ እሹ። ትውከት የነካውን ወለል በበረኪና አጽዱ። ተቅማጡ ካቆመላችሁም በኋላ ቢያንስ ለ2 ቀን ለሌላ ሰው ምግብ አትሥሩ፤ ቫይረሱ ከዳናችሁ በኋላም ለሳምንታት ከሰገራ ጋር ሊወጣ ይችላል።