ካርቲዬ፦ አንድ የጌጣጌጥ ቤት፣ ሦስት ወንድማማቾች

ካርቲዬ የፈረንሳይ የጌጣጌጥና የሰዓት ቤት ነው። የተመሠረተው ፓሪስ ውስጥ በ1847 ነው። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዛሬ ስሙ ሲነሳ ብዙ ሰው ትዝ የሚለው የእጅ ሰዓቱና ቀዩ ሣጥን ነው። ቤቱ ግን ከመቶ ዓመት በላይ የአንድ ቤተሰብ ንብረት ነበር። ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ቆይቶ በአራተኛው ትውልድ ላይ ከቤተሰቡ እጅ ወጣ።

ስለ አልማዙና ስለ ዘውዱ ብዙ ተብሏል። እኔን የሚገርመኝ ሦስት ወንድማማቾች ሦስት አገር ተቀምጠው፣ ስልክ እንኳ እንደልብ በማይገኝበት ዘመን፣ አንድን ስም አብረው መሸከማቸው ነው። ቤቱን ያሳደገው ይህ ነው። የተበተነውም ይህ ሲላላ ነው።

አያትየው

ሉዊ-ፍራንሷ ካርቲዬ የተወለደው በ1819 ነው። ቤተሰቡ ሀብታም አልነበረም፤ አባቱ ብረታ ብረት ሠራተኛ ነበር። ልጁ አዶልፍ ፒካር የሚባል ጌጥ ሠሪ ዘንድ ገብቶ ሙያ ለመደ። በ1847 ገና ሠላሳ ሳይሞላው፣ ሩ ሞንቶርጌይ በሚባለው መንገድ ላይ የነበረውን የጌታውን ወርክሾፕ ተረከበ።

ጊዜው ግን ክፉ ነበር። ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይሞላ፣ በየካቲት 1848፣ አብዮት ፈነዳና ንጉሡ ከዙፋኑ ወርዶ ሸሸ። እንዲህ ያለ ጊዜ ማንም ጌጥ አይገዛም። ሉዊ-ፍራንሷ እንደምንም አለፈው። ሦስተኛው ናፖሊዮን ሲነግሥ ቤተ መንግሥቱ ድግስና ጭፈራ ሆነ፤ ሴቶቹም ጌጥ ፈለጉ። በ1856 የንጉሠ ነገሥቱ የአጎት ልጅ ልዕልት ማቲልድ ከእሱ መግዛት ጀመረች። ቀጥላ እቴጌ ዩጄኒ መጣች። በ1859 ቤቱ የፓሪስ ሀብታሞች ወደሚመላለሱበት ወደ ቡልቫር ዴዚታልያን ተዛወረ።

የዚያን ጊዜው ካርቲዬ በአብዛኛው ነጋዴ ነበር። ከሌሎች ወርክሾፖች የተሠራውን ይገዛል፣ አትርፎ ይሸጣል። አሮጌ ጌጥ፣ ነሐስ፣ ትናንሽ ምስል ሳይቀር ይሸጥ ነበር። በራሱ ስልት የሚታወቀው ካርቲዬ ገና አልተወለደም።

ልጁ አልፍሬድ በ1874 ሥራውን ተረከበ። አልፍሬድ ጌጥ ከመንደፍ ይልቅ ሒሳቡ ላይ ጎበዝ ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ ከ1870 እስከ 1871 ፓሪስ በጦርነትና በአመፅ ስትታመስ፣ የሚሸሹ ሰዎች ጌጣቸውን በርካሽ ሲያወጡ ገዝቶ ለንደን ወስዶ ሸጧል። ለንደን ጥሩ ገበያ እንደሆነች ቤተሰቡ የተማረው ያኔ ነው። የአልፍሬድ ትልቁ ሥራ ግን ሦስት ወንዶች ልጆቹን ከልጅነታቸው ለንግዱ ማዘጋጀቱ ነው።

ወንድማማቾቹ

ሉዊ በ1875፣ ፒዬር በ1878፣ ዣክ በ1884 ተወለዱ። ሱዛን የምትባል እህትም አለቻቸው። ሉዊ ፈጠራ ያለው፣ ቁጡና ሥራው ካላማረው የማይምር ሰው ነበር። ፒዬር ለንግድ የተፈጠረ ነው፤ ሰው ማግባባት ያውቅበታል። ዣክ ዝምተኛ ሲሆን ድንጋይ የማወቅ ችሎታው ግን ከሁሉም ይበልጣል።

ሉዊ በ1898 ከአባቱ ጋር ሸሪክ ሆነ። በዚያው ዓመት አንድሬ-ካሮሊን ዎርዝን አገባ። የዎርዝ ቤተሰብ የዘመኑን እቴጌዎችና ልዕልቶች የሚያለብስ የልብስ ስፌት ቤት ነበረው። ጋብቻው የፍቅር አልነበረም፤ አባቱ ነው የገፋበት። ትዳሩም አልሰነበተም። ለንግዱ ግን ሠርቷል። በ1899 ካርቲዬ ወደ ሩ ደ ላ ፔ 13 ቁጥር ተዛወረ፤ ዎርዝም እዚያው መንገድ ላይ ነው። ቀሚስ ልታሰፋ የመጣች ሴት ጌጥ ሳታይ አትመለስም። ነገሩ በዚህ አላበቃም፤ በኋላ ሱዛንም ከዎርዝ ቤተሰብ አገባች። ፒዬር ኤልማ ራምዚ የምትባል የአሜሪካ ሀብታም ልጅ አገባ። ዣክ ደግሞ በ1912 ፓሪስ የነበረ የአሜሪካ ባንከር ልጅ አገባ። አንድ ጌጥ ቤት በጋብቻ ብቻ ይህን ያህል በር ሲከፈትለት ሌላ ቦታ አላየሁም።

ወንድማማቾቹ ዓለምን ተከፋፈሉት። ሉዊ ፓሪስን ያዘ። በ1902 የእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ 7ኛ ዘውድ ሲጭን ለንደን ላይ ቅርንጫፍ ተከፈተ፤ ፒዬር ከጀመረው በኋላ በ1906 ዣክ ተረከበው። ፒዬር በ1909 ወደ ኒውዮርክ ተሻገረ። በ1904 የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት ካርቲዬን ይፋ ጌጥ አቅራቢው አደረገው፤ የስፔን፣ የፖርቱጋልና የሩሲያ ነገሥታትም ተከተሉ። ኤድዋርድ «የነገሥታት ጌጥ ሠሪ፣ የጌጥ ሠሪዎችም ንጉሥ» ብሏቸዋል ይባላል።

እያንዳንዱ ቅርንጫፍ የራሱ ድርጅትና ወርክሾፕ ነበረው። ሥራውን ግን በደብዳቤ ይመካከሩ ነበር። አንዱ ጋ ድንጋይ ሲገኝ ሌላው ጋ ገዢ ይፈለግለታል። ብዙዎቹ ደብዳቤዎች ዘመናትን አልፈው የዣክ ዘሮች እጅ ላይ ይገኛሉ። ስለ ወንድማማቾቹ ጠባይ ይህን ያህል የምናውቀውም በእነሱ ምክንያት ነው።

ፕላቲኒየም

የሉዊን ሥራ ለመረዳት አንዱን ዘውድ ገልብጦ ጀርባውን ማየት ይበቃል። ከእሱ በፊት አልማዝ በአብዛኛው የሚታሰረው በብር ነበር። ብር ለአልማዝ ነጭነት ይስማማል፤ ግን ይጠቁራል። ደግሞም ለስላሳ ስለሆነ ድንጋዩን ለመያዝ ወፈር ብሎ መሠራት አለበት፤ ከኋላው ወርቅ ይደረብበታል። ጌጡ ከባድ ይሆናል፤ አልማዙም በብረቱ ይዋጣል።

ሉዊ ወደ ፕላቲኒየም ዞረ። ፕላቲኒየም አይጠቁርም፤ ጠንካራ ስለሆነም እንደ ክር ቀጥኖ ድንጋይ መያዝ ይችላል። የካርቲዬ ባለሙያዎች በዚህ ዳንቴል የመሰለ ሥራ ሠሩ። የአበባ ጉንጉን፣ ቀስት ቋጠሮና ቅጠል፣ ሁሉም ከሩቅ ሲያዩት አልማዝ ብቻ ነው፤ ብረቱ አይታይም። ንድፍ ሠሪዎቹንም ከሌሎች ጌጥ ቤቶች እንዲገለብጡ አልፈቀደላቸውም። የፓሪስን አሮጌ ሕንጻዎች የብረት በረንዳ፣ የ18ኛውን ክፍለ ዘመን የንድፍ መጻሕፍት እንዲያዩ ይልካቸው ነበር። ቆይቶ የፋርስ ምንጣፍ፣ የቻይና ዕቃ፣ የጥንት ግብፅ ቅርስ ተጨመረበት።

ሰዓቱም የእሱ ሥራ ነው። ብራዚላዊው አብራሪ አልቤርቶ ሳንቶስ-ዱሞን እየበረረ የኪስ ሰዓት ማውጣት እንዳስቸገረው ነገረው። ሉዊ በ1904 በእጅ አንጓ የሚታሰር ሰዓት ሠራለት። ይህ ሳንቶስ የተባለው ሰዓት በ1911 ገበያ ላይ ዋለ። ታንክ የሚባለው ደግሞ በ1917 ተነድፎ በ1919 መሸጥ ጀመረ። ሁለቱም ዛሬም ይሸጣሉ።

ሉል፣ ቤት፣ አልማዝ

የፒዬር ሙያ መሸጥ ነበር። በ1910 ሆፕ የሚባለውን ሰማያዊ አልማዝ ገዛ። ኤቫሊን ዎልሽ ማክሊን ለምትባል አሜሪካዊት ባለጸጋ አሳያት፤ የያዘው ሰው ሁሉ ክፉ ይገጥመዋል የሚለውን ወሬም አብሮ አጫወታት። አሠራሩ አልማረካትምና እምቢ አለች። ፒዬር አልተከራከረም። አልማዙን በአዲስ መልክ አሠርቶ ለጥቂት ቀን እቤቷ ተወላት። አልመለሰችውም። ዋጋው 180,000 ዶላር ነበር። ውሉ ላይ፣ በስድስት ወር ውስጥ ቤተሰቧ ላይ ሞት ቢደርስ አልማዙን በእኩል ዋጋ ጌጥ መለወጥ እንደምትችል የሚል አንቀጽ ገብቶበታል። ክፍያው ግን ዘግይቶ ነገሩ እስከ ፍርድ ቤት ደርሷል። ሆፕ ዛሬ ዋሽንግተን በስሚዝሶንያን ሙዚየም ይታያል።

ከሁሉም የሚበልጠው ንግድ የሉሉ ነው። ያኔ ከባሕር ዛጎል የሚወጣ ሉል ከአልማዝ ይወደድ ነበር። ሉሎቹ በመጠንና በቀለም እስኪመሳሰሉ ድረስ አንድ ሐብል ለማሟላት ዓመታት ይፈጃል። ፒዬር 128 ሉል ያለበት ባለ ሁለት ረድፍ ሐብል ነበረው፤ የተተመነው 1 ሚሊዮን ዶላር። የባለጸጋው የሞርተን ፕላንት ሚስት ሐብሉን ወደደችው። ፕላንት ደግሞ ፊፍዝ አቬኑ ላይ ትልቅ መኖሪያ ቤት ነበረው። በ1917 ተለዋወጡ፦ ቤቱ ለካርቲዬ፣ ሐብሉና 100 ዶላር ለፕላንት።

ያኔ ሞኙ ማን እንደሆነ መናገር ይከብዳል። በኋላ ግን ጃፓኖች በእርባታ ያገኙት ሉል ዓለምን አጥለቀለቀው፤ የ1929ኙ የገበያ ውድቀትም ተጨመረበት። ሐብሉ በ1957 በጨረታ ሲወጣ የተሸጠው 151,000 ዶላር ነው። ቤቱ እስከ ዛሬ የካርቲዬ የኒውዮርክ መደብር ነው።

ሉሉን ፍለጋ የሄደው ዣክ ነው። በ1911 ለንጉሥ ጆርጅ 5ኛ በዓል ደልሂ ወርዶ ማሃራጃ ከሚባሉት የሕንድ መሳፍንት ጋር ተዋወቀ፤ በ1912 ደግሞ ባሕረ ሰላጤው ድረስ ተጉዞ ባሕሬን ገባ። ሀሳቡ ደላላውን ዘሎ ከባለቤቱ መግዛት ነበር። ከሼሆቹ ጋር የተነሳው ፎቶ ታዋቂ ነው። ፎቶው ላይ የሌሉት ጠላቂዎቹ ናቸው። በዚያ ዘመን በባሕረ ሰላጤው ከሚጠልቁት መካከል ከምሥራቅ አፍሪካ በባርነት የተወሰዱ ሰዎችና ልጆቻቸው ነበሩበት። የኒውዮርኩ ቤት ታሪክ ሲወራ ይህ ብዙ ጊዜ አይነሳም።

የሕንዱ መንገድ ግን ከፈለ። የፓቲያላው ማሃራጃ ቡፒንደር ሲንግ በ1925 ድንጋዮቹን ሰጥቶ ሐብል አዘዘ፤ በ1928 አለቀ። 2,930 አልማዝ ነበረበት፤ ትልቁ ብቻውን ከ234 ካራት (የከበረ ድንጋይ የክብደት መለኪያ ነው) ያልፋል። ሐብሉ በ1940ዎቹ መጨረሻ ከፓቲያላ ጠፋ። ቁራጩ ለንደን ውስጥ በ1998 ሲገኝ ትልልቆቹ ድንጋዮች አልነበሩበትም።

በአንድ ዓመት ልዩነት ሁለት ሞት

በ1933 ሉዊ የከፍተኛ ጌጣጌጡን ክፍል ለዣን ቱሳን ሰጠ። ቱሳን ከቤተሰቡ አልነበረችም፤ ሥዕል የምትነድፍ ባለሙያም አልነበረችም። የሚያምረውን ለይታ ታውቃለች፤ ያ በቃ። ቅጽል ስሟ ነብሯ ነበር፤ የካርቲዬን የነብር ጌጦች ያሳወቀችውም እሷ ናት። ፓሪስ በጀርመኖች ስትያዝ ቤቱ በጎጆ የተዘጋች ወፍ ጌጥ ሠራ። በ1944 ከተማዋ ነጻ ስትወጣ የጎጆው በር ተከፍቶ ወፏ ስትዘምር የሚያሳይ ሌላ ሠራ።

ከፖለቲካው ይልቅ ቤቱን የጎዳው ግን ሞት ነው። ዣክ በ1941፣ ሉዊ በ1942 ዐረፉ። ፒዬር ብቻውን ቀረ። ከጦርነቱ በኋላ ድርሻው ለልጆች ተከፋፈለ። የሉዊ ልጅ ክሎድ ኒውዮርክን ያዘ። የፒዬር ልጅ ማሪዮን ፓሪስን፣ የዣክ ልጅ ዣን-ዣክ ለንደንን። በወረቀት ላይ ሲያዩት አባቶቻቸው እንዳደረጉት ነው፤ ሦስት ሰው፣ ሦስት ከተማ። ግን አባቶቹ አንድ ጠረጴዛ ላይ አድገዋል። የአጎት ልጆቹ የተቀበሉት ሱቅ እንጂ ያንን አይደለም። እያንዳንዱ የራሱን ሒሳብ ማየት ጀመረ።

መጀመሪያ የሸጠው ክሎድ ነው፤ በ1962 ኒውዮርክ ከቤተሰቡ ወጣ። ፒዬር በ1964 ሲሞት የፓሪሱም ተከተለ። ለንደን ትንሽ ቆየ። ዣን-ዣክ ራሱ የሚነድፍ ሰው ነበር፤ በ1967 የቀለጠ የሚመስለው ክራሽ የተባለው ሰዓት የተሠራው በእሱ ጊዜ ነው። እሱም በ1974 ሸጠ።

በዚህ መሐል አስቂኝ ነገር አለ። ሪቻርድ በርተን ለኤልሳቤጥ ቴይለር የገዛው ዝነኛው 69.42 ካራት አልማዝ፣ ሎቭ የሚባለው በካቻቢቴ የሚታሰረው አምባር፣ ሁለቱም የኒውዮርኩ ካርቲዬ የ1969 ሥራ ናቸው። ያን ጊዜ በኒውዮርኩ ቤት ውስጥ ከካርቲዬ ቤተሰብ አንድም ሰው የለም።

ገዢዎቹ ደግሞ ወንድማማቾቹ ያደረጉትን በሌላ መንገድ ደገሙት። ጆሴፍ ካኑዊና የሲጋራ መለኮሻ አምራቹ ሮበርት ኦክ ያሉበት ቡድን በ1972 ፓሪስን፣ በ1974 ለንደንን፣ በ1976 ኒውዮርክን ገዛ። በ1979 ሦስቱ በአንድ ድርጅት ሥር ገቡ። ዛሬ ካርቲዬ ሪሽሞን የሚባል ድርጅት ንብረት ነው። ሪሽሞንን የሚቆጣጠረው ደግሞ የደቡብ አፍሪካው የሩፐርት ቤተሰብ ነው፤ አባትየው አንቶን የጀመረውን ንግድ የሚመራውም ልጁ ዮሃን ነው።