ካልማን ሲንድረም ምንድን ነው?

ልጁ 15 ዓመት ሞልቶታል፤ ድምፁ ግን አልጎረነነም፣ ሰውነቱም ገና የልጅ ነው። ቤተሰቡ «አባቱም ዘግይቶ ነው የጎረመሰው፤ ይደርሳል» ይላል፤ ሐኪሙም ብዙ ጊዜ በዚሁ ይስማማል። አብዛኛውን ጊዜ እውነታቸውን ነው። በወንዶች ልጆች ላይ ለሚታየው የጉርምስና መዘግየት ዋነኛው ምክንያት በቤተሰብ የሚወረስ፣ ሕመም ያልሆነ መዘግየት ነው፤ ልጁ ዓመት ሁለት ዓመት ይቆይና ያለ ማንም እርዳታ ይጎረምሳል። ነገር ግን ከእነዚህ ልጆች መካከል የቱንም ያህል ቢጠበቁ የማይጎረምሱ ጥቂቶች አሉ። ካልማን ሲንድረም ያለባቸው ከእነዚህ ይመደባሉ።

ካልማን ሲንድረም አብሮ የሚወለድ እክል ነው። ጉርምስናን የሚያስጀምረው የአንጎል ትእዛዝ ይጎድላል፤ ከዚያም ጋር የማሽተት ችሎታ ጨርሶ አይኖርም ወይም እጅግ ደካማ ይሆናል። ከ30,000 ወንዶች በአንዱ ላይ እንደሚገኝ ይገመታል፤ በሴቶች ላይ ቁጥሩ ከዚህ በጣም ያነሰ ነው። ስፔናዊው ሐኪም አውሬሊያኖ ማኤስትሬ ደ ሳን ሁዋን የሁለቱን ችግሮች አብሮ መገኘት በ1856 በአንድ አስከሬን ላይ አይቶ መዝግቦታል። ሆኖም እክሉ ስሙን ያገኘው በ1944 ከቤተሰብ ወደ ቤተሰብ እንደሚተላለፍ ካሳየው ከሥነ አእምሮ ሐኪሙ ከፍራንዝ ካልማን ነው።

አፍንጫና ጉርምስና ምን አገናኛቸው? መልሱ የሚገኘው በጽንሱ ውስጥ ነው፤ በበኩሌ ከሰውነት አፈጣጠር ታሪኮች ሁሉ እንደዚህ የሚያስደንቀኝ ጥቂት ነው። የጉርምስናን ትእዛዝ የሚያስተላልፈውን፣ ጂኤንአርኤች የተባለውን ሆርሞን የሚያመነጩት የነርቭ ሕዋሳት በመጨረሻ መኖሪያቸው ሃይፖታላመስ የተባለው የአንጎል ክፍል ነው፤ የሚፈጠሩት ግን እዚያ አይደለም። የሚፈጠሩት የጽንሱ አፍንጫ በሚሆነው ቦታ ነው። ከዚያ ተነሥተው የማሽተት ነርቮችን እየተከተሉ ወደ አንጎል ይጓዛሉ። ነርቮቹ በትክክል ካልተዘረጉ ሕዋሳቱም መንገድ ያጣሉ፤ አንጎል ደጃፍ ላይ ደርሰው ይቀራሉ። በአንድ የመንገድ ብልሽት ሽታም ጉርምስናም አብረው የሚጠፉት በዚህ ምክንያት ነው።

ሕዋሳቱ ቦታቸውን ሲይዙ በየአንድና ሁለት ሰዓቱ ጥቂት ጥቂት ሆርሞን ይለቃሉ። ይህ ከአንጎል ሥር ያለውን ፒቱታሪ እጢ ይቀሰቅሳል፤ ፒቱታሪ ደግሞ ኤልኤች እና ኤፍኤስኤች የተባሉትን ሆርሞኖች ወደ ደም ይልካል፤ እነርሱም የወንዱን የዘር ፍሬ ወይም የሴቷን እንቁልጢ ሥራ ያስጀምራሉ። በካልማን ሲንድረም የዘር ፍሬውም ሆነ እንቁልጢው ጤነኛ ነው። የጎደለው ትእዛዙ ብቻ ነው።

ምርመራው የሚጀምረው መዘግየቱን በመለካት ነው። በሴት ልጅ እስከ 13 ዓመቷ ጡት ማጎጥጎጥ ካልጀመረ፣ በወንድ ልጅ ደግሞ እስከ 14 ዓመቱ የዘር ፍሬው 4 ሚሊ ሊትር ካልደረሰ ጉርምስናው ዘግይቷል ይባላል። ለወንዶቹ መለኪያው በክር የተሰኩ፣ ከ1 እስከ 25 ሚሊ ሊትር እያደጉ የሚሄዱ እንቁላል መሰል ዶቃዎች ናቸው። ሐኪሙ በአንድ እጁ ዶቃውን፣ በሌላው የልጁን የዘር ፍሬ እየዳሰሰ ያመሳስላል። ፀጉር ማብቀል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ በኩላሊት ላይ ያለው አድሬናል እጢ በራሱ መንገድ ሊያበቅለው ይችላልና።

ከዚያ ደም ይመረመራል። የኤልኤች እና የኤፍኤስኤች መጠን ከፍ ብሎ ከተገኘ ችግሩ ያለው ከዘር ፍሬው ወይም ከእንቁልጢው ስለሆነ ሐሳቡ ከክሮሞዞም መዛባት ወደሚመጡት ወደ ክላይንፌልተር (በወንዶች) ወይም ወደ ተርነር ሲንድረም (በሴቶች) ይዞራል፤ የክሮሞዞም ምርመራም ይታዘዛል። ዝቅ ብሎ ከተገኘ ግን ሐኪሙ ትልቅ ጥያቄ ላይ ይወድቃል። ምክንያቱም በተፈጥሮው ዘግይቶ በሚጎረምስ ጤነኛ ልጅ ደም ውስጥም ውጤቱ ተመሳሳይ ነው። የግራ እጅ ራጅም አይለያቸውም፤ በሁለቱም የአጥንት ዕድሜ ከልጁ ዕድሜ ወደ ኋላ የቀረ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ልዩነቱ የሚፈለገው ከሌላ ቦታ ነው፤ ከሁሉ የሚቀርበውም አፍንጫ ነው።

«ሽታ ይሸትሃል?» ብሎ መጠየቅ ግን አይበቃም። ከተወለደ ጀምሮ አሽትቶ የማያውቅ ልጅ ምን እንደጎደለው አያውቅም። ጣፋጩንና ጨዋማውን በምላሱ ይለያል፤ እንደ አሞኒያ ያለ የሚቆጠቁጥ ነገር ሲቀርብለትም በሌላ ነርቭ አማካይነት ስለሚሰማው «አዎ፣ ይሸተኛል» ብሎ በቅንነት ይመልሳል። የተሻለው ጥያቄ፣ ምድጃ ላይ የሚያርር ነገር ሳያየው ያውቅ እንደሆነ ነው። ከዚያም የተበላሸ ወተት ሳይቀምስ ይለይ እንደሆነ ይጠየቃል። ከሁሉ የሚሻለው የተለያዩ ሽታዎችን አንድ በአንድ አቅርቦ መፈተን ነው። ይህን ያህል ቀላል ነገር ሳይጠየቅ ቀርቶ ሃያዎቹን ዓመታት ካጋመሱ በኋላ የሕመማቸውን ስም የሚሰሙ ሰዎች መኖራቸው ያሳዝነኛል። እነዚያ ዓመታት በባዶ አያልፉም፤ የጾታ ሆርሞን ያጣ አጥንት ይሳሳል፣ ከእኩዮቹ ተለይቶ የልጅ መልክ ይዞ የቀረው ወጣትም በራሱ ያፍራል።

ሌሎች ፍንጮችም አሉ። ልጁ ሲወለድ የዘር ፍሬው ወደ ከረጢቱ ሳይወርድ ቀርቶ ነበር? አንድ ኩላሊት ብቻ ነው ያለው? የላንቃ ወይም የከንፈር መሰንጠቅ፣ የጎደሉ ጥርሶች፣ የመስማት ችግር? አንዱ ምልክት ያለ ምንም መሣሪያ ይታያል። ልጁ የአንድ እጁን ጣቶች ተራ በተራ ከአውራ ጣቱ ጋር እንዲያነካካ ይነገረዋል፤ ጉልበቱ ላይ ያረፈው ሌላው እጁ ሳያዘው ያንኑ እንቅስቃሴ ከደገመ ካልማን ሲንድረምን መጠርጠር ተገቢ ነው። ይህ ምልክት በተለይ የሚታየው ኤክስ ክሮሞዞም ላይ ያለው አኖስ1 የተባለው ዘረመል በተበላሸባቸው ላይ ነው። በኤምአርአይ ደግሞ ሽታን የሚቀበሉት ሁለቱ የአንጎል ጫፎች መኖር አለመኖራቸው ይታያል። ምስሉ ፒቱታሪን የሚጫን እብጠት አለመኖሩንም ያረጋግጣል።

የዘረመል ምርመራ ይረዳል፤ ውጤቱ ንጹሕ ሆኖ ቢመጣ ግን ካልማን አይደለም ማለት አይቻልም። እስካሁን ከእክሉ ጋር የተያያዙት ዘረመሎች ብዙ ናቸው፤ እንዲያም ሆኖ ከታካሚዎቹ በግማሽ ያህሉ መንሥኤው አይገኝም።

ሕክምናው ለወንዶች ቴስቶስትሮን፣ ለሴቶች ኤስትሮጅን፣ ቆየት ብሎም ፕሮጄስትሮን ነው፤ በአነስተኛ መጠን ተጀምሮ ቀስ እያለ ይጨመራል። ጉርምስናን ያመጣል፤ የማሽተት ችሎታን ግን አይመልስም። ልጅ መውለድ ሲፈለግ መድኃኒቱ ይቀየራል። የፒቱታሪን ሥራ የሚተኩ መርፌዎች ወይም ጂኤንአርኤችን በየአንድና ሁለት ሰዓቱ የምትለቅ አነስተኛ ፓምፕ ይታዘዛሉ፤ ብዙዎችም በዚህ መንገድ ወላጆች ሆነዋል። ከዚህም አልፎ ከአሥር ሰዎች በአንዱ ወይም ከዚያ በሚበልጡት ላይ ሆርሞኑ ካደጉ በኋላ በራሱ ሥራ ሊጀምር ይችላል፤ ለዚህም ነው ሐኪሞች አልፎ አልፎ ሕክምናውን ለጥቂት ጊዜ አቁመው ደሙን እንደገና የሚለኩት።