«ልክ የሆነ» የአየርላንድ ባቡር ሞዴል ምንድን ነው?

ሞዴል ባቡር የሚሰበስቡ ሰዎች አዲስ ሎኮሞቲቭ (ባቡሩን የሚጎትተው) ወይም ፉርጎ ሲወጣ መጀመሪያ የሚጠይቁት «ልክ ነው ወይ?» ብለው ነው። ጥያቄው ቀላል ነው፤ መልሱ ግን ያጨቃጭቃል። አንዱ «ልክ» ሲል ቀለሙን ያስባል፣ ሌላው የሐዲዱን ስፋት፣ ሌላው ደግሞ ሞተሩ ሳይንገጫገጭ መሄዱን። የአየርላንድ ባቡር ሲሆን ጭቅጭቁ ይብሳል፣ ለዚህም በቂ ምክንያት አለ።

በኔ አረዳድ ልክ የሆነ ሞዴል ማለት አንድን የታወቀ ባቡር በአንድ የታወቀ ዘመን የሚያሳይ ነው። እንዲሁ በደፈናው «የአየርላንድ ሎኮሞቲቭ» የሚባል ነገር የለም። ቁጥሩ፣ ጣሪያው፣ ቀለሙ፣ በሩ፣ ከሥር ያለው ብረት ሁሉ አንድ ታሪክ መናገር አለባቸው። አንዱ የ1958ቱን፣ ሌላው የ1975ቱን ከተናገረ፣ የፈለገውን ያህል ቢያምር ልክ አይደለም። ጥራት ሌላ ጉዳይ ነው፤ ቆየት ብዬ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ሐዲዱን እንየው። አየርላንድ ውስጥ በሁለቱ ሐዲዶች መሃል ያለው ስፋት 1,600 ሚሊ ሜትር ነው። ጎረቤቷ ብሪታንያ የምትጠቀመው 1,435 ነው። ልዩነቱ የመጣው መጀመሪያ ላይ እያንዳንዱ ኩባንያ በራሱ ልክ ይዘረጋ ስለነበር ነው። በ1834 የተከፈተው የደብሊንና ኪንግስታውን መስመር 1,435 ነበር፣ ሰሜን ላይ ኡልስተር ሬይልዌይ 6 ጫማ ከ2 ኢንች ዘረጋ፣ የደብሊንና ድሮሄዳ ሰዎች ደግሞ 5 ጫማ ከ2 መረጡ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። እንዲህ ሆኖ መስመሮቹ መቼም ሊገናኙ አይችሉም። በመጨረሻ 5 ጫማ ከ3 ኢንች (ያው 1,600 ሚሊ ሜትሩ) ተወሰነ፣ በ1846ም ሕግ ሆነ።

አሁን ይሄን ወደ ሞዴል እናምጣው። ብሪታንያና አየርላንድ ውስጥ በብዛት የሚሸጠው ስኬል ኦኦ ይባላል። የእውነተኛው ባቡር 1 ጫማ በሞዴሉ 4 ሚሊ ሜትር ይሆናል፣ ወደ 1 ለ 76 ማለት ነው። በዚህ ስሌት የአየርላንድ ሐዲድ ድፍን 21 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ሱቅ ሄዳችሁ የምትገዙት የኦኦ ሐዲድ ግን 16.5 ነው። 4.5 ሚሊ ሜትር ምን አላት ትሉ ይሆናል፤ ወደ ትልቁ ባቡር ስትመልሱት ግን 34 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ለእንግሊዝ ባቡርም ቢሆን ኦኦ ጠባብ ነው፣ በትክክለኛው ስሌት 18.83 መሆን ነበረበት። የአየርላንዱ ጉድለት ግን የእንግሊዙን እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የሚቀረው። ሞዴሉን ከፊት ለፊት ስታዩት ሰፊ ገላው በቀጭን እግር የቆመ ይመስላል። ከጎን ስታዩት ግን ምንም አይታወቅም።

ይህን መታገሥ የማይችሉ ሰዎች አሉ። ሐዲዱን በእጃቸው፣ እንጨት በእንጨት እየደረደሩ፣ 21 ሚሊ ሜትር አድርገው ይሠሩታል፤ የእያንዳንዱን ፉርጎ መንኮራኩርም ይቀይራሉ። ሥራቸው የሚደነቅ ነው። የቀረነው ብዙዎቹ ግን በ16.5 እንኖራለን። ሐዲዱ፣ መሻገሪያው (ባቡሩ ከአንድ ሐዲድ ወደ ሌላው የሚዞርበት)፣ መንኮራኩሩ ሁሉ ተዘጋጅቶ የሚገኘው በዚያ ልክ ነው፤ ሁሉንም ከባዶ መሥራት ለአብዛኛው ሰው የዕድሜ ልክ ሥራ ይሆንበታል። ይሄ በግልጽ የታወቀ ስምምነት ስለሆነ እኔ እንደ ስህተት አልቆጥረውም። ስህተት የምለው የሐዲዱን ጥበት ምክንያት አድርጎ ሌላውንም ማጥበብ ነው። ጥሩ ሞዴል ገላው በትክክለኛው ስፋቱ ይሠራል፣ ከሥር ያለው ቦጊም (መንኮራኩሮቹን የሚይዘው ብረት) በእውነተኛው ባቡር ላይ ወጣ ብሎ በሚታይበት ቦታ ይቀመጣል። እንዲህ ከሆነ 21 ሚሊ ሜትር የሚፈልግ ሰውም መንኮራኩሩን ቀይሮ መጠቀም ይችላል። የእንግሊዝ ቦጊ ዝም ተብሎ ከተገጠመ ግን ወደ ውስጥ የገባ ሆኖ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ይሄ ደግሞ ወደ ትልቁ የድሮ ችግር ይወስደናል፦ ቀለም ቀብቶ ማለፍ። ለአንድ ሎኮሞቲቭ የፕላስቲክ ቅርጽ ማውጫ የብረት ሞልድ ማሠራት እጅግ ውድ ነው። የአየርላንድ ደሴት በሙሉ፣ ሰሜኑም ደቡቡም ተደምሮ፣ የሚኖርበት ሰው 7 ሚሊዮን ገደማ ነው፤ ከዚያ ውስጥ ሞዴል ባቡር የሚገዛው ስንት ሰው ነው? ስለዚህ ለብዙ ዓመታት የነበረው ምርጫ ሁለት ነበር። ወይ በሬዚንና በናስ የሚሠራ ተገጣጣሚ ገዝቶ መገጣጠም፣ ወይ የእንግሊዝ ባቡር ሞዴል የአየርላንድ ቀለም ተቀብቶ መግዛት። ሁለተኛው ቀላል ነበር። ግን ልክ አልነበረም።

ለምሳሌ ማርክ 3 የሚባለውን የመንገደኛ ፉርጎ ውሰዱ። ብሪታንያም አየርላንድም ነበራቸው፣ ከሩቅ ሲታዩ ወንድማማች ናቸው። የእንግሊዙ በር በማጠፊያ የሚከፈትና በኃይል ተገፍቶ የሚዘጋ ነበር፤ መንገደኛው መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ እጁን አውጥቶ፣ ከውጭ ባለው እጀታ ይከፍተው ነበር። አየርላንድ በ1980ዎቹ ያስገባችው ግን ከመጀመሪያውም በሩ አውቶማቲክ ነው። ሞዴሉ ላይ ስትመጡ ይሄ ማለት የበሩ መስኮት ሌላ፣ ዙሪያው ያለው መስመር ሌላ፣ እጀታውም ሊኖር የማይገባው ነው ማለት ነው። የእንግሊዙን ማርክ 3 ብርቱካንማና ጥቁር ቀብታችሁ ብታስቀምጡት በሩ ራሱ ይመሰክርባችኋል።

ቀለም መቀየር ሁልጊዜ ውሸት ነው እያልኩ ግን አይደለም። አየርላንድ በ1990ዎቹ መጀመሪያ አካባቢ ያገለገሉ ማርክ 2 ፉርጎዎችን ከብሪታንያ ገዝታ አስገብታለች። እነዚህ በእርግጥ የእንግሊዝ ፉርጎዎች ነበሩ፣ ከሥር ያለው ብቻ ለሰፊው ሐዲድ ተቀየረ። ለእነሱ የእንግሊዙን ሞዴል የአየርላንድ ቀለም ቀብቶ መጠቀም ከእውነቱ ብዙም አይርቅም። ለዚህ ነው «የትኛው ፉርጎ? በየትኛው ዓመት?» ብሎ መጠየቅ የሚያስፈልገው።

ስለ ዓመት ካነሳን፣ ከኤ ክላስ የተሻለ ማስረጃ የለም። እነዚህ 60 የናፍጣ ሎኮሞቲቮች ናቸው፣ ሜትሮፖሊታን ቪከርስ የሠራቸው፣ ከ1955 ጀምሮ ለሲአይኢ (ለአየርላንድ የመንግሥት ትራንስፖርት ድርጅት) የገቡ። ሲመጡ ቀለማቸው ብርማ ነበር፣ ቁጥራቸውም ከኤ1 እስከ ኤ60። ውስጣቸው ያለው የክሮስሊ ሞተር አስቸጋሪ ነበር፣ ጭሱና ዘይቱም አይጣል። ብርማ ቀለም ደግሞ ቆሻሻ አይደብቅም፣ ስለዚህ ብዙ ሳይቆይ ወደ አረንጓዴ ተዛወሩ፣ በ1960ዎቹ ደግሞ ጥቁርና ብርቱካንማ ቡናማ ሆኑ። ከ1968 እስከ 1971 ድረስ የክሮስሊው ሞተር እየወጣ የጄኔራል ሞተርስ ገባ። ሞተሩ ሲቀየር ጣሪያውም ተቀየረ፣ ጭስ መውጫውና የላይኛው አቀማመጥ እንደ ድሮው አልቀረም። ሞተሩ የተቀየረለት ሎኮሞቲቭ ቁጥሩ መጨረሻ ላይ «አር» የሚለው ፊደል ተጨመረለት፣ ኤ3 ኤ3አር ሆነ። ቆየት ብሎ ፊደሎቹ ተነሡና 003 ብቻ ቀረ።

አሁን አንድ ሞዴል እጃችሁ ላይ እንዳለ አስቡ። ጣሪያው የድሮው የክሮስሊ፣ ቁጥሩ ግን 003። እንዲህ ያለ ሎኮሞቲቭ በሐዲድ ላይ ሄዶ አያውቅም። ወይም ብርማ ቀለም ተቀብቶ ቁጥሩ ላይ «አር» አለበት፤ ይሄም የለም፣ ሞተሩ መቀየር ሲጀምር ብርማው ዘመን አልፏል። ሪቬት በሪቬት ተቆጥሮ ቢሠራ፣ መብራቱ ቢበራ፣ ድምፅ ቢያወጣ፣ ይህን አያስተካክለውም። የተገላቢጦሹም እውነት ነው፦ ዝርዝሩ ትንሽ ሆኖ ሁሉም ነገር ለአንድ ዓመት የሚስማማ ሞዴል ለኔ ይበልጥብኛል።

ቀለም ላይ መጨቃጨቅ ማብቂያ የለውም። ያ ብርቱካንማ ቡናማ በአንድ ፎቶ ላይ የብርቱካን ልጣጭ ይመስላል፣ በሌላው የደረቀ ጭቃ። የድሮ ፊልም ቀለም ይቀይራል፣ ፀሐይ ያደበዝዛል፣ ቤት ውስጥ ያለው አምፖል ደግሞ ሌላ ያስመስለዋል። አንድ ፎቶ ይዞ «ቀለሙ ስህተት ነው» የሚል ሰው አያሳምነኝም። ቆሻሻውም የቀለሙ አካል ነው። «በብል» የሚባሉትን ክብ የሲሚንቶ ፉርጎዎች ያየ ሰው ይህን ያውቃል፣ ሲሚንቶው በላያቸው ፈስሶና ደርቆ ነጭ ቅርፊት ይሠራባቸው ነበር። አዲስ ሆኖ የሚያብረቀርቅ በብል ከፋብሪካ ለወጣበት ሳምንት ልክ ነው፤ ከዚያ በኋላ ላሉት ዓመታት ግን አይሆንም።

ጥራት ብዬ ያቆየሁት ጉዳይ ደግሞ በእጅ የሚለካ ነው። መንኮራኩሮቹ በውስጥ በኩል ያላቸው ርቀት በኦኦ ወደ 14.5 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት፤ ከጠበበ ወይ ከሰፋ መሻገሪያ ላይ ይወድቃል። ሞተሩ ኤሌክትሪኩን ከሁሉም መንኮራኩር ካልወሰደ ሐዲዱ ትንሽ ሲቆሽሽ ይቆማል። ጽሑፉን በማጉያ መነጽር እዩት። የአየርላንድ ቋንቋ በአናባቢ ፊደል አናት ላይ የምትሰመር ጭረት አለችው፤ 201 ክላስ የሚባሉት ሎኮሞቲቮች በወንዞች ስም የተሰየሙ ናቸው፣ ስማቸው በእንግሊዝኛም በአየርላንድኛም ተጽፎባቸዋል፣ እና ያቺ ጭረት ከተዘለለች የፊደል ግድፈት ነው። እዚህ ላይ ጥራትና ልክነት ይገናኛሉ። በሌላው ግን ተለያይተው ሊገኙ ይችላሉ፣ እንደ ሰዓት የሚሄድ ሞዴል የተሳሳተ ጣሪያ ሊኖረው ይችላል።

ነገሩ የተቀየረው መርፊ ሞዴልስ የሚባለው የሞዴል ባቡር ኩባንያ ለአየርላንድ ብቻ ተብለው የተነደፉ ሎኮሞቲቮችን፣ 201ን፣ 141ንና 071ን የመሳሰሉትን፣ ተሠርተው ባለቁበት ሁኔታ ማውጣት ሲጀምር ነው። ከዚያ አይሪሽ ሬይልዌይ ሞዴልስ መጣ፣ እሱ የጀመረው ሰው ብዙም ትዝ በማይለው ነገር፣ ለሐዲድ ጥገና ጠጠር በሚጭን ፉርጎ ነበር፤ በኋላ ኤ ክላስንም በየዘመኑ በተለያየ ጣሪያና ቀለም አወጣው። ሰው ከዚያ ወዲህ የተቀባ የእንግሊዝ ፉርጎ ሲያይ ዓይኑ አይሞላም።

እንዲህ ያለው ጥንቃቄ ግን በፋብሪካ አልተጀመረም። ሲሪል ፍራይ የሚባል ሰው ነበር፣ ደብሊን ውስጥ በኢንቺኮር የባቡር ፋብሪካ መሐንዲስና ንድፍ አውጪ። ቤቱ ውስጥ ከኦኦ ከፍ ባለ ስኬል የአየርላንድን ባቡሮች በእጁ ይሠራ ነበር፣ የሚሠራውም የባቡሮቹን የራሳቸውን ንድፍ ይዞ ነው። በ1972 ሞተ። ሥራው ዛሬ ማላሃይድ በሚገኘው የካሲኖ ሞዴል ባቡር ሙዚየም ይታያል።

ለመግዛት ካሰባችሁ፣ ከሱቁ በፊት ዓመቱን ምረጡ። 1970 ካላችሁ የክሮስሊውም የጄኔራል ሞተርሱም ኤ ክላስ ጎን ለጎን ይሄዱላችኋል፣ ጥቁርና ብርቱካንማ ቡናማ ሆነው። 1957 ካላችሁ «አር» ያለበትን ቁጥር ርሱት። ሻጩን የሎኮሞቲቩን ቁጥርና ሞዴሉ የሚያሳየውን ዘመን ጠይቁት፣ ከዚያ በዚያው ቁጥር የተነሣ ፎቶ ፈልጉ፣ ከተቻለ ከላይ የተነሣ፣ ጣሪያው የሚታይበት።